ስለ አብሪ ስትሬፕታቪዲን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ባሕር ዳር ካለ አንድ ላብ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። አንዱ ይደውላል፤ አንዷ ማታ አራት ሰዓት ላይ የማይክሮስኮፕ ፎቶ በቴሌግራም ልካ «ይሄ እውነተኛ ሲግናል ነው?» ትላለች። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሶቹን አንድ ቦታ ጻፍኳቸው። ቅደም ተከተላቸው እንደ መማሪያ መጽሐፍ አይደለም። አንዳንዱ ላይ ረዘም እላለሁ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚያ ነውና።

ስትሬፕታቪዲን ምንድን ነው? ከባዮቲን ጋርስ ምን አገናኘው?

ስትሬፕቶማይሲስ አቪዲኒ የሚባል ባክቴሪያ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። የዚህን ባክቴሪያ ዘመዶች በአፍንጫችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ደረቁን መሬት ሲመታው የሚነሣው ያ ደስ የሚል የአፈር ሽታ በአብዛኛው እነሱ የሚያመነጩት ጂኦስሚን ነው።

ፕሮቲኑ አራት ተመሳሳይ ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ባዮቲን ይይዛል። ባዮቲን ደግሞ ቫይታሚን ቢ7 ነው፤ ክብደቱ 244 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ብቻ። ትንሽ ስለሆነ አንቲቦዲ (የሚፈለገውን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ላይም ሆነ ዲኤንኤ ላይ ቢለጠፍ ሥራቸውን ብዙ ጊዜ አያደናቅፍም።

ሁለቱ ሲገናኙ ስትሬፕታቪዲን ባዮቲኑን ሙጭጭ አድርጎ ይይዘዋል። የመለያያ ቋሚው (ቁጥሩ ሲያንስ ትስስሩ ይጠብቃል) ወደ 10⁻¹⁴ ሞላር ይጠጋል። በተፈጥሮ ውስጥ ከሚታወቁት ኬሚካላዊ ቦንድ ካልሆኑ ትስስሮች ሁሉ ከጠንካራዎቹ አንዱ ነው። ጥሩ የሚባል አንቲቦዲ እንኳ እዚህ አይደርስም። እንግዲህ ስትሬፕታቪዲኑ ላይ የሚያበራ ቀለም ከተለጠፈ፣ ባዮቲን ያለበት ቦታ ሁሉ፣ ባዮቲን የተለጠፈበት አንቲቦዲ የያዘው ነገር ጭምር፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ይበራል። «ሁሉ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ ታች እንመለስባታለን።

ከአቪዲን በምን ይለያል?

አቪዲን የሚገኘው ከእንቁላል ነጭ ነው። እሱም አራት ክፍል አለው፤ ባዮቲንንም እንዲያው አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ የስኳር ሰንሰለት ተለጥፎበታል። ሁለተኛ፣ በተለመደው ፒኤች (የአሲድነት መጠን) ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚይዝ ኔጋቲቭ ከሆነ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከዲኤንኤ ጋር፣ ያለ ባዮቲንም ይጣበቃል። ስለዚህ ስላይዱ ይቆሽሻል። ስትሬፕታቪዲን ስኳር የለውም፣ ቻርጁም ወደ ገለልተኛ የተጠጋ ነው። ኒውትራቪዲን የሚባለው ደግሞ ስኳሩ የተነሣለት አቪዲን ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ «ታዲያ እንቁላል መብላት ባዮቲን ያሳጣል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጥሬውን ለረጅም ጊዜ በብዛት ከሆነ፣ አዎ። የተቀቀለ ከሆነ ሙቀቱ አቪዲኑን ስለሚያፈርሰው ችግር የለም። የዶሮ ወጡን እንቁላል በሰላም ብሉ።

የትኛውን ቀለም ልግዛ?

መጀመሪያ የማይክሮስኮፓችሁን ፊልተር እዩ። ይህን የምለው ቀለሙን ገዝቶ፣ ሦስት ወር ጠብቆ፣ ሲደርስለት ማይክሮስኮፑ ያንን ቀለም የሚያይ ፊልተር እንደሌለው ያወቀ ሰው ስላየሁ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ።

አረንጓዴ ፊልተር ሁሉም ጋ አለ ማለት ይቻላል። ለእሱ ኤፍአይቲሲ ወይም አሌክሳ ፍሉር 488 ይሆናል። ሁለቱም ወደ 495 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይቀበላሉ፤ ወደ 519 አካባቢ ያበራሉ። ኤፍአይቲሲ ርካሽ ነው፣ ግን ሁለት ድካም አለው። ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይደበዝዛል፤ ፒኤቹ ከ7 በታች ሲወርድም ይፈዛል። ባፈራችሁን (ፒኤቹን የሚጠብቀውን ፈሳሽ) በደንብ ካልለካችሁ ቀለሙን አትውቀሱ። አቅም ካለ 488 ይሻላል።

ብርቱካናማ ከፈለጋችሁ ሳይ3 ጥሩ ነው፤ በ550 ተቀብሎ በ570 ያበራል። ወደ ቀዩ ጫፍ ደግሞ ሳይ5 እና አሌክሳ ፍሉር 647 አሉ። የእነዚህን ብርሃን ግን በዓይን ለማየት አትሞክሩ። ካሜራ ያስፈልጋል፤ ዓይናችን እዚያ ላይ ደካማ ነው። «ምንም የለም» ተብሎ የሚጣለው ስላይድ ብዙ ጊዜ ካሜራው ቢያየው ኖሮ ጥሩ ነበር።

ፒኢ እና ኤፒሲ የሚባሉት ከአልጌ የሚወጡ ትልልቅ አብሪ ፕሮቲኖች ናቸው። ፒኢ ብቻውን 240,000 ዳልተን ገደማ ይመዝናል፤ ከስትሬፕታቪዲኑ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ለፍሎ ሳይቶሜትር (ሴሎችን አንድ በአንድ እያሳለፈ ብርሃናቸውን ለሚለካው መሣሪያ) ድንቅ ነው፣ በጣም ያበራል። ለማይክሮስኮፕ ግን አይሆንም፤ ፎቶ ሳታነሱት ይጠፋባችኋል።

የጣና ውኃ ላይ የምትሠሩ ለዚህች ክፍል ጆሮ ስጡኝ። ሳምፕላችሁ ውስጥ ማይክሮሲስቲስ ወይም ሌላ ሳይኖባክቴሪያ (እንደ ዕፅዋት ክሎሮፊል ያለው ባክቴሪያ) ካለ፣ ቀዩ ቻናል የእናንተ ብቻ አይደለም። ክሎሮፊል ራሱ ወደ 680 ናኖሜትር ገደማ ቀይ ያበራል። በዚያ ላይ ሳይኖባክቴሪያ የኤፒሲ ዘመድ የሆኑ ቀለሞችን በተፈጥሮው ተሸክሟል። ምንም ሳትጨምሩበት ስላይዱ እንደ ጥምቀት ማታ ይንቦገቦጋል። እንዲህ ላለ ሳምፕል አረንጓዴው ይሻላል። እሱንም ቢሆን ያልተነካ ስላይድ አስቀድማችሁ አይታችሁ ነው።

ስንት ልጠቀም?

ብዙውን ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 10 ማይክሮግራም ይበቃል። እኔ በ5 እጀምራለሁ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ስቶካችሁ (ገና ያልቀጠነው ፈሳሽ) በሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ነው እንበል። 5 ማይክሮግራም ለማድረግ 200 ጊዜ ማቅጠን ነው። አምስት ስላይድ አላችሁ፤ ለአንዱ 100 ማይክሮ ሊትር ይበቃል። ጠቅላላው 500 ነው። ስለዚህ 2.5 ማይክሮ ሊትር ስቶክ በ1 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) ባለው ፒቢኤስ (ጨዋማ ባፈር) ውስጥ ትጨምራላችሁ። ትንሿን ፒፔት ተጠቀሙ። 2.5ን በትልቁ ፒፔት መለካት ጤፍን በቁና እንደ መቁጠር ነው።

ከመቅዳታችሁ በፊት ስቶኩን ለ5 ደቂቃ በ10,000 ጂ አሽከርክሩትና ከላይ ከላይ ውሰዱ። ሲቆይ እርስ በርሱ ይጓጉላል። ጉጉሉ ስላይዱ ላይ ሲያርፍ የሚያምር አብሪ ነጥብ ይሆናል። ያንን ነጥብ ግኝት ብሎ ፓወርፖይንት ላይ ቀይ ቀስት ያደረገበት ሰው አውቃለሁ።

ከዚያ 30 ደቂቃ በጨለማ፣ ቀጥሎ በፒቢኤስ ሦስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ማጠብ። ሲግናሉ ደከመ ብላችሁ መጠኑን ዝም ብላችሁ አትጨምሩ፤ ጀርባውም (በዙሪያው ያለው ያልተፈለገ ብርሃን) አብሮ ይበራል። 1፣ 2፣ 5 እና 10ን ጎን ለጎን ሞክሩና በሲግናሉና በጀርባው መካከል ያለው ልዩነት የሰፋበትን ምረጡ።

ኮንትሮሌም (አንቲቦዲ ያልገባበት ማነጻጸሪያ ስላይዴም) በራ። ምን ላድርግ?

የዚህ ገጽ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው።

አንዲት የማስተርስ ተማሪ ከሐይቁ ዳር ካሉ አስጋሪዎች ትኩስ ቆሮሶ ገዝታ የጉበቱን ክፍል ቆርጣ ሠራች። ባዮቲን የተለጠፈበት አንቲቦዲ፣ ከላዩ አሌክሳ 488 ስትሬፕታቪዲን። ማይክሮስኮፑ ውስጥ ስናይ ጉበቱ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። በየሴሉ ውስጥ ጥቃቅን ነጠብጣብ፣ ልክ በወንፊት የተነፋ። ደስ አላት። ቡና ጋበዘችን። እኔም ጠጣሁ፣ አልዋሽም። ማግስቱን አንቲቦዲ የሌለበትን ስላይድ አየን። እሱም ቁርጥ ያንኑ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው፤ ኮንትሮሉ መታየት የነበረበት ከቡናው በፊት ነው።

ምን ሆነ? ስትሬፕታቪዲኑ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ባዮቲን አግኝቶ ይዟል። የያዘው ግን እኛ የጨመርነውን ሳይሆን ዓሣው ይዞት የመጣውን ነው። በሕይወት ያለ ሴል ሁሉ ባዮቲን ይጠቀማል። ፓይሩቬት ካርቦክሲሌዝን የመሳሰሉ ኢንዛይሞች ባዮቲን ተሸክመው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጉበትና ኩላሊት ደግሞ በእነዚህ የተሞሉ ናቸው። ያ በወንፊት የተነፋ የመሰለን ነጠብጣብ ሚቶኮንድሪያ ነበር።

መፍትሔው ያለውን ባዮቲን አስቀድሞ መሸፈን ነው። ቀለም የሌለው አቪዲን ለ15 ደቂቃ፣ ማጠብ፣ ከዚያ ነጻ ባዮቲን ለ15 ደቂቃ፣ እንደገና ማጠብ። ሁለተኛውን እርምጃ የሚዘሉ አሉ፤ አትዝለሉት። አቪዲኑ አራት እጅ አለው። በአንዱ የዓሣውን ባዮቲን ቢይዝ ሌሎቹ ባዶ ናቸው፤ አንቲቦዲያችሁ ሲመጣ እሱንም ይጨብጡታል። ነጻው ባዮቲን የሚገባው እነዚያን ባዶ እጆች ለመሙላት ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ባዮቲን ያለበት አንቲቦዲ ከመግባቱ በፊት ነው።

ሁልጊዜ ሦስት ስላይድ ያዙ፦ ምንም ያልተጨመረበት፣ ስትሬፕታቪዲን ብቻ ያለበት፣ ሁሉም ያለበት። የመጀመሪያው ከበራ ቲሹው በራሱ ያበራል ማለት ነው፤ ቀለም መቀየር ይረዳችኋል። የመጀመሪያው ሳይበራ ሁለተኛው ከበራ የተፈጥሮ ባዮቲን ወይም ዝም ብሎ መጣበቅ ነው፤ መሸፈን ያስፈልጋል። ሦስተኛው ብቻ ሲበራ ነው ቡና የሚጋበዘው። ያኔም ቢሆን አንቲቦዲው ራሱ ትክክለኛውን ነገር መያዙ ሌላ ጥያቄ ነው። እሱን ስትሬፕታቪዲን አይመልስላችሁም።

ጉበት ላይ መሸፈን እንኳ አልበቃ የሚልበት ጊዜ አለ። ያኔ ባዮቲንን ትቶ ዲጎክሲጀኒን የሚባለውን ሌላ ምልክት መለጠፍ ነው። እሱ ከእፅዋት ስለሚገኝ የዓሣ ሰውነት ውስጥ የለም።

በወተት ብሎክ ባደርግስ (ያልተፈለገ መጣበቅን ባስቀርስ)?

አይ። ወተት ውስጥ ባዮቲን አለ። የዱቄት ወተቱ ርካሽና በየሱቁ ያለ ቢሆንም ስትሬፕታቪዲኑን መንገድ ላይ ያስቀርባችኋል። ቢኤስኤ ተጠቀሙ።

ምንም አልበራም። ሪኤጀንቱ ሞቶ ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። ስትሬፕታቪዲን ጠንካራ ፕሮቲን ነው፣ በቀላሉ አይፈርስም። ቶሎ የሚሞተው ቀለሙ ነው። ለመፈተን ባዮቲን የተለጠፈበት ማንኛውንም ፕሮቲን አንድ ጠብታ የማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቁ፣ ብሎክ አድርጉ፣ ስትሬፕታቪዲኑን ጨምሩና እጠቡ። ጠብታው ከበራ ሪኤጀንቱ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

እኔ የማየው የመጀመሪያ ጥፋተኛ ነጻ ባዮቲን ነው። አንቲቦዲውን ራሳችሁ ባዮቲን ስትለጥፉበት የተረፈውን በዳያሊሲስ ወይም በማጣሪያ ኮለም በደንብ ካላስወገዳችሁ፣ ነጻው ባዮቲን ቀድሞ የስትሬፕታቪዲኑን አራት ቦታ ይሞላዋል። ቁጥሩን እዩት፦ 1 ሚሊግራም ስትሬፕታቪዲን ቢበዛ 18 ማይክሮግራም ገደማ ባዮቲን ነው የሚይዘው። የእህል ቅንጣት የማታህል ትርፍ ባዮቲን አንድ ሙሉ ቫያል ታበላሻለች።

የሴል ካልቸር ላይ ከሆናችሁ ሚዲየሙን ተጠራጠሩ። አርፒኤምአይ 1640 ባዮቲን አለው፤ የተለመደው ዲኤምኢኤም የለውም። አርፒኤምአዩን ሳታጥቡ ስትሬፕታቪዲን መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው።

ሌላው፣ ባዮቲኑ ፕሮቲኑ ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። የስትሬፕታቪዲን ኪስ ጥልቅ ነው፤ ባዮቲኑ በአጭሩ ከተለጠፈ አይደርስለትም። ረዘም ያለ መያያዣ ያለውን ባዮቲን ምረጡ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፊልተሩ ትክክል መሆኑን እዩ። የማይክሮስኮፑ መዝጊያ ተዘግቶ ግማሽ ቀን ያዘኑ አሉ።

ፊሽ ላይ ይሠራል?

ዓሣ ላይ ነው ፊሽ ላይ? ባሕር ዳር ላይ ይህን ሳይጠይቁ መመለስ አይቻልም። ፊሽ የሚባለው ዘዴ አብሪ ፕሮብ (ተዛማጁን ፈልጎ የሚጣመር የዲኤንኤ ቁራጭ) ልኮ ክሮሞሶም ላይ ወይም ባክቴሪያ ውስጥ አንድ የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ቅደም ተከተል የሚፈልገው ነው። አዎ፣ ይሠራል። ፕሮቡ ላይ ባዮቲን ይለጠፋል፤ ተጣምሮ ከታጠበ በኋላ ሳይ3 ያለው ስትሬፕታቪዲን ይከተላል። ሲግናሉ ደካማ ከሆነ ባዮቲን ያለው ፀረ ስትሬፕታቪዲን አንቲቦዲ፣ ከላዩ ደግሞ ሌላ ዙር ስትሬፕታቪዲን መደረብ ይቻላል። ጀርባውም አብሮ እንደሚደረብ አትርሱ።

የጣናን ነጭ ዓሣ ክሮሞሶም ለማየት የምታስቡ ትዕግሥት ያዙ። ላቤዮባርበስ (የዚህ ዓሣ ሳይንሳዊ ስም) ስድስት ድርብ ነው፣ ማለትም የክሮሞሶም ስብስቡ በስድስት ቅጂ አለው፤ ወደ 150 የሚጠጋ ክሮሞሶም አለው፣ አብዛኛውም ደቃቃ ነው። ተደራርቦ የተነጠፈ ስላይድ ላይ ምንም ቀለም አያድናችሁም።

ባክቴሪያ ላይ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። ስትሬፕታቪዲን 53,000 ዳልተን ገደማ ነው፤ በሴል ግድግዳ በኩል እንደ ልቡ አይገባም። በላይሶዛይም ግድግዳውን ማሳሳት ያስፈልጋል። ካልሆነ ቀለሙ በቀጥታ የተለጠፈበትን አጭር ፕሮብ መጠቀም ይቀላል። እኔ ብሆን እሱን ነው የማደርገው።

መብራት ሄዶ ፍሪጁ ቢሞቅስ?

ለጥቂት ሰዓት ከሆነ አትደንግጡ፤ ፍሪጁንም ደጋግማችሁ አትክፈቱ። ቦታው 4 ዲግሪ፣ በጨለማ ነው። ቫያሉን በፎይል ጠቅልሉት። የእኛ ላብ ጠረጴዛ በሐይቁ በኩል ካለው መስኮት ሥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ከውኃው ላይ ተንጸባርቃ ትገባለች። ለዓይን ደስ ይላል፣ ለቀለም መርዝ ነው። መጋረጃ ሰቅለናል።

ዋናው ስሕተት ሌላ ነው፦ «መብራት ሊሄድ ይችላል» ብሎ ፒኢ ወይም ኤፒሲ ያለውን ቫያል ፍሪዘር ውስጥ መክተት። እነዚህ ሁለቱ ሲረጉ ይፈርሳሉ። ከውጭ ሲመጣም በደረቅ በረዶ እንዳይላክ ቀድማችሁ ጻፉ። ሌሎቹን ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ካስፈለገ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሉና መለያው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ፤ ማርጋትና ማቅለጥ መደጋገም ለማንኛውም ፕሮቲን አይበጅም።

ቫያሉ ውስጥ ያለው ሶዲየም አዛይድ (እንዳይበላሽ የሚጨመረው) አደገኛ ነው?

መጠኑ ትንሽ ነው፣ ግን መርዝ ነው። በጓንት ያዙ። ከመዳብ ወይም ከእርሳስ ቧንቧ ጋር ሲጠራቀም የሚፈነዳ ውሁድ ስለሚሠራ ማጠቢያ ላይ አትድፉት፤ ለብቻው ሰብስቡት።

ከተያያዘ በኋላ ማላቀቅ ይቻላል?

በጣም ያስቸግራል። ፕሮቲኑን ጨርሶ በማፍረስ፣ ማለትም በኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚፈታ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ባፈር ውስጥ በማፍላት ይለቃል። ፕሮቶኮሉ 100 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ካለ ግን አንድ ነገር አስታውሱ። እኛ ያለነው ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ብረት ማሞቂያ ብሎክ ተጠቀሙ ወይም ጊዜውን ጨመር አድርጉ። ፕሮቲናችሁን በደኅና መልሳችሁ የምትፈልጉት ከሆነ ከመጀመሪያው በባዮቲን ፈንታ ዴስቲዮባዮቲን ለጥፉ። እሱ ላላ ብሎ ስለሚያያዝ ተራ ባዮቲን ስትጨምሩ ቦታውን ይለቃል።

ለፀጉሬ የባዮቲን ክኒን እወስዳለሁ። ለላብ ሥራዬ ችግር አለው?

ለስላይዳችሁ የለውም፤ ክኒኑን ቲዩብ ውስጥ ካልከተታችሁ። ለደም ምርመራችሁ ግን ሊኖረው ይችላል። ብዙ የሆርሞንና የልብ ምርመራ ማሽኖች ውስጣቸው የሚሠሩት በዚሁ በስትሬፕታቪዲንና ባዮቲን ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ የፀጉር ክኒኖች ግን 5,000ና 10,000 ማይክሮግራም ይይዛሉ። ትርፉ ደም ውስጥ ሲዞር የማሽኑን ስትሬፕታቪዲን ይሞላዋል። ያኔ ከታይሮይድ ምርመራዎቹ ቲኤስኤች ከእውነቱ ዝቅ፣ ፍሪ ቲ4 ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ጤነኛው ሰው የእንቅርት በሽተኛ ይመስላል። ትሮፖኒን (የልብ ጉዳት ጠቋሚው) ዝቅ ብሎ ሲወጣ ደግሞ የባሰ ነው፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሊደበቅ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙና ለላብ ባለሙያው ክኒኑን ንገሩ።

ከእናንተ ትንሽ መዋስ ይቻላል?

ይቻላል። የበረዶ ሳጥንና ፎይል ይዛችሁ ኑ። የማይክሮስኮፓችሁን ፊልተር ቁጥር በወረቀት ጻፉልኝ። ባለፈው የሠራችሁት ካለም የሦስቱንም ስላይድ ፎቶ አምጡ፤ የመጨረሻውን ብቻ አይደለም።